ላም አለን በሰማይ

“ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይላል ያገራችን ሰው፣ በስም እንጂ በተግባር የማይጠቀምበትን ሀብት ሲቈጥር የሚውለውን ሲተች። ይህ ተረት ዛሬ ለአንድ ግለሰብ ሳይሆን ለአንድ አገር የተነገረ ይመስላል። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት አላት። በከብት ሀብት ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም መሆኗን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንማር ኖረናል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች የሆነ መሆናቸውን አሳይቷል። በአዲስ አበባ በደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ለልጅ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት መግዛት የወሩን ወጪ የሚያናጋ ጉዳይ ነው። ሥጋማ ለብዙዎች ከበዓል ወደ በዓል ብቻ የሚጎበኝ እንግዳ ሆኗል።

ይህ ተቃርኖ በተነሣ ቁጥር ከባለሥልጣናትም ከባለሙያዎችም የምንሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ “የላሞቻችን ዝርያ ደካማ ነው፤ ዝርያ እናሻሽላለን።” በርግጥ የአገር በቀል ላም የቀን ምርት በአማካይ ከአንድ ሊትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከዝርያው በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይችስ የተሻሻለች ላም ምን ትበላለች? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የርካሽና የንጹሕ ወተት መሠረቱ ሣር ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበት መሬት ግን በአስተዳደራችን ዓይን “ባዶ መሬት” ነው። ይህ አመለካከት እስካልተለወጠ ድረስ የሚታደለው ጊደር ሁሉ፣ የሚመረቀው እርባታ ሁሉ፣ በሰማይ ያለች ላም ከመሆን አያልፍም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ላም ሰው ሊበላው የማይችለውን ሣር ሰው ሊጠጣው ወደሚችል ወተት የምትለውጥ ፍጥረት ናት። ወተትና ሥጋ ለድሃ ሕዝብ ምግብ ሊሆኑ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሣር የሚግጥ ከብት ከሰው ጋር እህል አይሻማም፤ ለእርሻ የማይመች ረግረግና ዳገት ላይ ውሎ ማታ ወተትና እበት ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ከሣሩ ተለይቶ በበረት የታሰረ ከብት ግን በገበያ መኖ ይኖራል። ያን ጊዜ የወተቱ ዋጋ ከዝናብና ከሣር ተላቆ ከሌሎች ገበያዎች ጋር ይቆራኛል። የፋጉሎ ዋጋ ከቅባት እህል ዋጋ ጋር ይወጣል፤ የፉርሽካ አቅርቦት በዱቄት ፋብሪካዎች ሥራ ይወሰናል፤ ስንዴ ሲጠፋ ፉርሽካ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲወደድ ሁሉም ይወደዳል። ከወተት ማምረቻ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መኖ ነውና፣ የእነዚህ ሁሉ ሸክም በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ብርጭቆ ወተት ላይ ነው።

የዋጋው ነገር እንዲህ ሆኖ፣ የጤናው ነገር ደግሞ አለ። መሠረቱን አዲስ አበባ ውስጥም ያደረገው ዓለም አቀፉ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለው መርዝ ተገኘ። በአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቀደው መጠን፣ ማለትም በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም፣ ያልበለጡት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ የዚህን ዐሥር እጥፍ አልፈው ተገኙ። አፍላቶክሲን በሻጋታ የሚመነጭ፣ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል መርዝ ነው፤ ወተቱን ማፍላት አያስወግደውም። ጥናቱ ዋና ምንጭ አድርጎ ያመለከተው የኑግ ፋጉሎን ነው። ላሚቱ የበላችው የሻገተ ፋጉሎ በወተቷ በኩል ሕፃናት ጋ ይደርሳል ማለት ነው።

ዜናው በተሰማበት ወቅት ከተማው ደነገጠ፤ ወተት የሚገዛው ሰው ቀነሰ፤ ከዚያም ወሬው በረደ። ማንም ቆም ብሎ “ላሞቻችን ፋጉሎ ላይ እንዲህ የተንጠለጠሉት ለምንድን ነው?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መልሱ ሣራቸው ስለ ተወሰደ ነው። በርግጥ ድርቆሽም እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ይሻግታል፤ ፋጉሎም በደረቅ ስፍራ ከተቀመጠና ከተመረመረ ጥሩ መኖ ነው። ነገር ግን ዋና ምግቧ ሣር፣ ፋጉሎው ድጎማ የሆነላት ላም እና ሕይወቷ በፋጉሎ ላይ የቆመ ላም የሚሸከሙት አደጋ እኩል አይደለም። የከብት ሳንባ ነቀርሳም ቢሆን ተጨናንቀው በበረት በሚታሰሩ ከብቶች ላይ በመስክ ከሚውሉት ይልቅ የበረታ መሆኑን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ስለ ጥቅሙም ካነሣን እናቶቻችን ያለ ቤተ ሙከራ ያወቁት ነገር አለ። ክረምት ወጥቶ መስኩ ሲለመልም ቅቤው ቢጫ ይሆናል። ቢጫነቱ ከለምለሙ ሣር የመጣ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ምልክት ነው።

ሣሩ የት ሄደ?

ከአዲስ አበባ በሰሜን በኩል በእንጦጦ ተሻግሮ የጎጃምን መንገድ የያዘ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያገኘው የሱሉልታን ሜዳ ነው። ይህ ውኃ አዘል ሜዳ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ከብቶች የድርቆሽ ጎተራ ነበር። ዛሬ በሰፊው የያዙት የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የመኖሪያ ሰፈሮች ናቸው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎና ገላንም ታሪካቸው ተመሳሳይ ነው። ከተማ አይስፋፋ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ጥያቄው ሲስፋፋ ምን እንደሚበላ የሚያስብ ሰው አለ ወይ ነው። በመሬት አስተዳደር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ሲዘረጋ ስንዴ የተዘራበት መሬት “የእርሻ መሬት” ይባላል፤ ሣር የበቀለበት መሬት ግን ያልተያዘ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ለፋብሪካም፣ ለወጣቶች ማደራጃም፣ ለቤት ማኅበርም መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣውን ተቃውሞ እናስታውሳለን። ዕቅዱ በ2016 መጀመሪያ እስኪሰረዝ ድረስ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በዚያ ክርክር ውስጥ ስለ ብሔር፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ሥልጣን ብዙ ተብሏል። ከሁሉም በታች የነበረው ጉዳይ ግን ቀላል ነበር፤ አንድ ገበሬ ከነላሞቹ ከመሬቱ ሲነሣ ወዴት ይሄዳል? ለእሱ የሚሰጠው ካሳ የቤቱንና የሰብሉን ዋጋ ሊተምን ይችላል። የላሞቹን ወተት፣ በየዓመቱ የሚወለደውን ጥጃ፣ ሚስቱ በየገበያው የምትሸጠውን ቅቤ፣ ማገዶ የሚሆነውን ኩበት ግን ማን ቆጠረው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ለአርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ይሰጣል። የግጦሽን መሬት በስም የሚጠራው ግን ስለ አርብቶ አደሩ ሲናገር ነው። የደጋው ገበሬ አራሽም አርቢም መሆኑ ተዘንግቶ የወል ግጦሹ በሁለቱ መካከል ወድቋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የወል ይዞታ ተጠቃሚዎችም ላጡት ጥቅም ካሳ እንዲታሰብላቸው መደንገጉ ወደፊት የተራመደ ነው። ሆኖም ካሳ ገንዘብ እንጂ ሣር አይደለም። ገንዘቡ ያልቃል፤ ላሞቹ ይሸጣሉ፤ ትናንት ወተት ለከተማው ሲያቀርብ የነበረው ሰው ነገ ወተት ፈላጊ ሆኖ ከኛው ጋር ይሰለፋል።

አርብቶ አደሩም ቢሆን አንቀጹ አላዳነውም። በአዋሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የተተከሉት አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን በሚያሳድሩበት የወንዝ ዳር መስክ ላይ ነው። በካርታው ላይ የተወሰደው ጠባብ ቁራጭ ይመስል ነበር። ግን በድርቅ ጊዜ ሰፊውን በረሃ ሁሉ ጠቃሚ የሚያደርገው ያ ቁራጭ ነበር። ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንሄድ ደግሞ የጣና ዳሩን የፎገራን ሜዳ እናገኛለን። በወተቷ የተመሰገነችውን የፎገራን ላም ያፈራው ያ ሜዳ ነው። ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት የወል ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ተለወጠ። ሩዝ የዘራውን ገበሬ መውቀስ አይገባም፤ ከሩዙ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። ነገር ግን ዛሬ ያችን ዝርያ ከመጥፋት ለማዳን በአንዳሳ የምርምር ጣቢያ መንግሥት ገንዘብ ያፈሳል። በአንድ እጃችን ሜዳዋን ወስደን በሌላው ልናድናት እንደክማለን።

ታሪካችን ምን ያስተምራል?

የወተት ልማት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከጣልያን ወረራ ማግስት የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የማቋቋሚያ ድርጅት ያመጣቸው የፍሪዢያንና የብራውን ስዊስ ላሞች የዘመናዊው እርባታ መነሻ ሆኑ። በኋላም የሾላ ወተት የአዲስ አበባ ልጆች የጋራ ትዝታ ለመሆን በቃ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ “ካዱ” የሚባለው፣ ለትንሹ ገበሬ የተዳቀለ ላም፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አቀረበ። ምርቱም አደገ። ግን ምርቱ ሲያድግ የመሬቱ ዋጋ አደገ፤ ባለርስቶቹ ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አስነሡ። ልማቱ ሊጠቅመው የተነሣለትን ሰው አፈናቀለው። የመሬት ዋስትና የሌለው ልማት መጨረሻው ይህ መሆኑን ከዚያ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

የተሳካውን ማየት የፈለገ ደግሞ ወደ ሰላሌ ይሂድ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በፊንላንድ ድጋፍ የተጀመረው የገበሬዎች የወተት ልማት በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪ፣ በደብረ ጽጌና በፍቼ ዙሪያ አንድ ነገር አስመሰከረ። ጥቂት የተዳቀሉ ላሞች፣ የራሱ የግጦሽ ቁራጭ፣ የክረምቱ ድርቆሽና ጠዋት ወተቱን የሚረከበው ማኅበር ያለው ተራ ገበሬ ከተማን መመገብ ይችላል። እዚያ ሰፋፊ ሕንፃ የለም፤ ከውጭ በዶላር የመጣ ማለቢያ መሣሪያ የለም። ያለው ሣር፣ ቤተሰብና መንገድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ይፈርሳል። ዛሬ ከተማውን ከሚመግቡት ወተት አቅራቢዎች ቁጥራቸው የሚበዛው እንዲህ ያሉት ቤተሰቦች ናቸው።

“ትናንሽ ገበሬዎችን ይዞ የት ይደረሳል?” የሚል አይጠፋም። ጎረቤታችን ኬንያ ከኛ እጅግ ባነሰ የከብት ቁጥር ሕዝቧን ብዙ እጥፍ ወተት የምታጠጣው በአብዛኛው በትናንሽ ገበሬዎች ነው። ሕንድ በዓለም አንደኛ ወተት አምራች የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1946 በጉጃራት ከተመሠረተ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተነሥታ፣ ሁለትና ሦስት እንስሳት ያላቸውን ሚሊዮኖች በማሰባሰብ ነው። ትልልቅ እርባታዎች አያስፈልጉም አልልም፤ ለዝርያ ማባዣም፣ ለፋብሪካም ቦታ አላቸው። ግን በተገዛ መኖና በውጭ ምንዛሪ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ወተታቸው ከፍሎ ለሚችለው እንጂ ለመርካቶው ሸቃጭ ልጅ አይደርስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ የዱቄት ወተትም ሆነ መድኃኒት የማይቀመስ ሆኗል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። “ልቅ ግጦሽ አይደለም ወይ ተራሮቻችንን ያራቆተው?” ይባላል። እውነት ነው፤ አራቁቷል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ ሣሩን ብቻ አይቶ ገደሉን መርሳት አይገባም። እኔ የምከራከረው ግን ለልቅ ግጦሽ አይደለም። ባለቤት የሌለው መስክ ይራቆታል፤ ባለቤትና ሕግ ያለው መስክ ግን ያገግማል። በትግራይና በአማራ የተከለሉ ተዳፋቶች ከከብት ተጠብቀው ሣራቸው እየታጨደ ሲወሰድ ምን ያህል እንዳገገሙ የታየ ነው። ከጨንቻ የተነሣው የዴሾ ሣር አፈር ይይዛል፤ ከብትም ይመግባል። ዕውቀቱ አለ፤ የጎደለው “ይህ መሬት የኔ ነው፤ ነገም የኔ ነው” ብሎ የሚተክል ሰው ነው።

ስለ ሥጋና ስለ ጾም

ስለ ሥጋም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን አርሶበት፣ ከማሽላው መሐል የሚነቅለውን ችግኝና ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ያደልበዋል፤ የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው በዚህ ነው። ያ በሬ አዲስ አበባ እስኪደርስ በስንት ደላላ፣ በስንት ኬላ እንደሚያልፍ ግን ነጋዴው ያውቃል። የልኳንዳው ዋጋ የሥጋው ብቻ ሳይሆን የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ሕዝቡ ለዚህ የፈጠረው መልስ ቅርጫ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ አንድ በሬ ከገበሬ ይገዛል፤ አርዶም እኩል ይካፈላል። ከሥጋ ቤቱ ረክሶ፣ ሰው ከአቅሙ ጋር ተስማምቶ ይበላል። ይህን ነባር ዘዴ በንጹሕ ማረጃ ስፍራና በሐኪም ምርመራ ከመደገፍ ይልቅ እንደ ኋላ ቀርነት ማየት የከተማ አስተዳደሮቻችን ድክመት ነው።

ጾምም ከወተት ገበያ ጋር ተያይዞ መነሣት አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከወተትና ከሥጋ ይታቀባል። ላሚቱ ግን አትጾምም። በጾም ወራት ከሰላሌ የሚመጣው ወተት ተቀባይ ያጣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ለገበሬው ከሁሉ የከፋው ጊዜ ይህ ነው። ሲፈታ ደግሞ ወተት ይጠፋና ዋጋው ይሰቀላል። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም። አያቶቻችን ወተቱን ወደ ቅቤ ለውጠው ለፋሲካ ያቆዩት ነበር። ዛሬም በየወረዳው ማቀዝቀዣና የቅቤ መናጫ ቢኖር፣ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎች በጾም ወቅት ለሚጠጡት ሕፃናትና ሕሙማን ወተት በቋሚ ውል ቢገዙ፣ ገበሬውም አይከስርም፤ ዋጋውም እንዲህ አይዋዥቅም።

ምን ይደረግ?

መንግሥት በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ “የሌማት ትሩፋት” የተባለውን መርሐ ግብር አስጀምሯል። ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ማር ወደ እያንዳንዱ ቤት ማዕድ ይደርሳል የሚለው ሐሳብ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ ስለ ተዳቀሉ ላሞችና ስለ ተመረቱ ሊትሮች ብቻ የሚያወራ ከሆነ ዋናው ነገር ተዘሏል። በአንድ ወረዳ ጊደር እያደሉ በዚያው ወረዳ የግጦሹን መሬት ለሌላ ጉዳይ መስጠት ራስን በራስ መቃረን ነው።

በእኔ አመለካከት አራት ነገሮች አይዘለሉም። አንደኛ፣ የግጦሽ መሬት፣ የግልም ሆነ የወል፣ በመሬት ምዝገባው ውስጥ በስሙ ይመዝገብ፤ ወደ ሌላ አገልግሎት ከመለወጡ በፊትም ተጠቃሚዎቹ በጉባኤ ይጠየቁ፤ ምትክ መስክ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ፋጉሎና ሌላ መኖ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይመርመር፤ ወተቱን ብቻ መቆጣጠር ጭሱን እንጂ እሳቱን ማየት አይደለም። ሦስተኛ፣ የወተት ዋጋ በሊትር ብቻ ሳይሆን በቅባቱና በንጽሕናው ይተመን። ያን ጊዜ ውኃ የሚቀላቅለው ይከስራል፤ ወተቷ ጥቂት ቢሆንም በቅባት የበለጸገችው የአገራችን ላም ባለቤት ደግሞ ይጠቀማል። አራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ከካድሬ እጅ ወጥተው በእውነት የአባሎቻቸው ይሁኑ። ገበሬው በደርግ ዘመን የደረሰበትን አልረሳምና፣ የሚመርጠውንና የሚሽረውን ማኅበር እንጂ ከላይ የተሾመለትን አያምንም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው የከተማ ሰው ሆኜ ለከተማ ሰው ነው። ስለ ገበሬ መሬት ሲነሣ ጉዳዩ የገበሬው ብቻ እንደሆነ አድርገን ጆሮ የምንነፍገው ብዙዎች ነን። ስለ ሰብአዊነት ባናስብ እንኳ ስለ ልጆቻችን ብርጭቆ ልናስብ ይገባል። በሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ አጥር በታጠረ ቁጥር፣ ከመሐል ከተማ ባለ አንድ ቤት የወተት ዋጋ ይጨምራል። በመካከላቸው ብዙ ወራትና ብዙ እጆች ስላሉ ግንኙነቱ አይታየንም እንጂ፣ አጥሩ የታጠረው በኛም ላይ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ሚሊዮን ሊትሮች ሲነግረን አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቀው፤ “ሣሩስ?”

ቸር ይግጠመን።